ከሽፋኑ የወጣው ፎቶ

«ፋይሉ የኔ ነው! የላክሁት እኔ ነኝ፣ ያሳተምኩትም እኔ ነኝ» አለ ወንድምየው፣ ጣቱን ወደ ኮምፒውተሬ ቀስሮ።

«ፊቱ ግን የእናቴ ነው» አለች እህትየው።

«የእናታችን።»

«እሺ፣ የእናታችን። የሁለታችን ከሆነች ፎቶዋን ለምን ትከለክለኛለህ?»

«ማን ከለከለሽ? ጠፋ ነው እኮ የምልሽ! ፎቶው የነበረበት ስልክ ተሰርቋል። እዚሁ ኢምፔሪያል፣ ታክሲ ስሳፈር ከኪሴ መነተፉኝ። ስንቴ ልንገርሽ?»

«ባለፈው መገናኛ ነው ያልከኝ።»

«መገናኛም ሆነ ኢምፔሪያል ምን ለውጥ አለው? ሌባ የትም ሌባ ነው።»

«ለኔ ለውጥ አለው» አለች።

እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ እጆቼን ከኪቦርዱ ላይ አንስቻለሁ። ሱቃችን ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ ፎቅ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። እንጽፋለን፣ ፎቶ ኮፒ እናደርጋለን፣ መታወቂያ በላስቲክ እንለብጣለን፣ የባነር ትእዛዝ እንቀበላለን። ባለቤቷ ቀለም ልትገዛ መርካቶ ወርዳ ስለነበር ያን ዕለት ብቻዬን ነኝ። ከውጭ የታክሲ ረዳት «ሰሚት፣ ሰሚት፣ ሁለት ሰው!» እያለ ይጮሃል። ወንድምየው በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ካፖርቱን አላወለቀም፣ የመሥሪያ ቤቱ ባጅ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። እህትየው ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

መጀመሪያ የመጣችው እሷ ነበረች፤ ጠዋት፣ ሱቁን እንደከፈትኩ። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፤ የዚያን ቀን የዕረፍት ቀኗ ነው። በላስቲክ የጠቀለለችውን የእናቷን የሕይወት ታሪክ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በቀብር ዕለት ተነቦ ለሐዘንተኛው የሚታደለው፣ እንደ መጽሔት የታጠፈ ወረቀት ነው። ሽፋኑ ላይ የእናትየው ፎቶ አለ፤ ጥለቱ ወይን ጠጅ የሆነ የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው ቆመው፣ ፈገግ ብለው። «ሙት ዓመቷ ደርሷል፤ ይሄን ፎቶ በትልቁ ባነር ላይ እፈልገዋለሁ» አለችኝ። «ጥለቱ ሁሉ በደንብ እንዲታይ።»

ስካን አድርጌ አሳየኋት። ወረቀቱ ላይ ደህና የሚመስለው ፊት ስክሪኑ ላይ ሲሰፋ የቀለም ነጠብጣብ ሆነ። የእህትየው ፊት ወዲያው ተለወጠ።

«ቀሚሱን እኔ ነኝ የገዛሁላት» አለችኝ፣ ያለ ጥያቄዬ። ያን ጊዜ ሐዋሳ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። እናትየው ታመው ለሕክምና ከገጠር መጥተው ሰሚት፣ ወንድሟ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተኝተዋል። ለፋሲካ ፈቃድ አልተሰጣትም። ቀሚሱን ገዝታ በሰው ላከች። ወንድሟ ደውሎ «ለበሰችው፤ አማረባት፤ መረቀችሽ» አላት። ከፋሲካ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ እናትየው አረፉ፤ እሷ የደረሰችው ለቀብር ነው። እዚያ ይሄን ወረቀት ሰጧት፤ ሽፋኑ ላይ እናቷ፣ እናቷ ላይ ቀሚሱ።

«ከሷ የቀረኝ ይሄ ነው» አለች። «መልበሷ።»

እንደዚያ ስትል ነገሩ ገባኝ። ባነር ይዛ መሄድ ብቻ አይደለም የፈለገችው። ጥለቱን በትልቁ ልታየው፣ እናቷ ትከሻ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ልታየው ትፈልጋለች። ሐዋሳ ሆና ያላየችውን።

የሱቃችን ኮምፒውተር የማያውቀው የሰፈር ሰው የለም። ሰው ሁሉ ፋይሉን በቴሌግራም ይልክልናል፣ እኛ እናትማለን፣ ማንም አያጠፋውም። ወንድምየው የላከው ፒዲኤፍ ከዓመት በፊት እንደመጣ ተቀምጦ አገኘሁት፤ እኔ እዚህ ከመቀጠሬ በፊት ነው የታተመው። ግን የቤቱ ሕግ አለ፤ ፋይል የላኪው ነው። ላኪው ሳይፈቅድ ለእናቱ ልጅም ቢሆን አንሰጥም። ይህን ሕግ ያወጣነው ወደን አይደለም። «ከዚህ ደብዳቤ ላይ ማህተሙን ብቻ ልቀሚልኝ» እያለ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። አንዱ የአክስቴ ደብዳቤ ነው ይላል፣ አንዱ ለቪዛ ነው ይላል፣ አንዱ ምንም ሳይል ዓይኑን ብቻ ይጠቅሳል። ስለዚህ ምስል አውጪልኝ የሚለኝን ሰው መጀመሪያ ፊቱን ነው የማየው። እውነቱን ለመናገር ጠዋት እሷንም ጠርጥሬአት ነበር። በሟች ስም የውርስ ወረቀት የሚያሠሩ አይተናል።

ስለዚህ ለወንድምየው ደወልኩ። «ጋሼ፣ እህትዎ እዚህ ናት፤ ያን የሕይወት ታሪክ ፋይል ልክፈትላት?» አልኩት። አንድ «እሺ» በቂ ነበር። እሱ ግን «ምንም እንዳትነኪ፣ መጣሁ» አለና ስልኩን ዘጋው። በሥራ ሰዓት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ተነስቶ፣ በዚያ የመንገድ መጨናነቅ፣ ለአንድ ፎቶ መጣ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጥርጣሬዬ ከእሷ ተነስቶ እሱ ላይ ተቀመጠ።

«እሺ ተረጋጉ» አልኳቸው። «ስልኩ ቢጠፋም ችግር የለውም። ፎቶውን ከፒዲኤፉ ውስጥ ማውጣት ይቻላል።»

እህትየው ዞር አለችብኝ። «ይቻላል?»

«አይቻልም» አለ ወንድምየው በእኔ ፈንታ። «ፒዲኤፍ እኮ የተዘጋ ነገር ነው። እኔም ቢሮ ስንት ዓመት ሠርቼበታለሁ።»

«ይቻላል ጋሼ። በደንብ ይወጣል።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል? ያለውን አትሚላት። ትንሽ ቢደበዝዝ ምን ይሆናል? ሰው ባነር የሚያየው ከሩቅ ነው።»

«ለእማዬ ፎቶ ‹ምን ይሆናል›?» አለች እህትየው። ድምጿን አልጨመረችም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

ፒዲኤፍ ለዓይን አንድ ወረቀት ይመስላል። ውስጡ ግን ጽሑፉ ለብቻ፣ ምስሉ ለብቻ ነው የተቀመጠው። ስክሪኑን ፎቶ ብታነሱት የምታገኙት የሚታየውን ያህል ነው፤ ትንሽና ደብዛዛ። እኔ የምጠቀምባት መሣሪያ ግን ምስሉን ሲገባ እንደነበረ፣ ሙሉ መጠኑን እንደያዘ ትመዝዘዋለች። የሚጫን ቁልፍ የላትም፣ ቀለም የላትም። ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ቃል ጽፎ የፋይሉን ስም ማስከተል ነው። ማንም አላስተማረኝም። አንድ የድሮ የንባብ መጽሐፍ በፒዲኤፍ አግኝቼ፣ ውስጡ ያሉትን የእንስሳት ሥዕሎች ለራሴ ከምጽፋቸው ግጥሞች ጎን ላስቀምጣቸው ፈልጌ፣ ስለፋ ስለፋ ነው ያገኘኋት። ግጥሙን እንዴት እንደሚጻፍም ያስተማረኝ የለም። ሁለቱንም ያው በመነካካት ነው የለመድኳቸው።

ጥቁሩን ስክሪን ከፈትኩ። ወንድምየው ከበሩ ተነስቶ ከኋላዬ መጣ።

«ምንድን ነው እሱ? ሃከር ነሽ እንዴ አንቺ ልጅ?»

«አይደለሁም ጋሼ።»

«ታዲያ ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው? በፊልም የማየው ባንክ ሲዘረፍ ነው።»

«አርፈህ ቁም እስቲ» አለችው እህቱ። «ባንክህን ማን ነካብህ?»

መሣሪያዋ ከማውጣቷ በፊት በየገጹ ያለውን ምስል ዘርዝራ ታሳያለች፤ እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ ያንን ነው የማየው። የመጨረሻው ገጽ ላይ የሻማ ሥዕል አለ፤ አየሁት። መሐል ላይ መስቀል አለ፤ አየሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በዓይኔ የማየው አንድ ፎቶ ነው። ዝርዝሩ ግን ለዚያ ገጽ ሁለት ፎቶና አንድ መሸፈኛ ይላል።

መሸፈኛ የሚባለው ራሱ ፎቶ አይደለም። አንድ ፎቶ ከየት እስከ የት እንዲታይ፣ ከየት ወዲያ እንዲደበቅ ለኮምፒውተሩ የሚነግር ነው። ሰው ከፎቶ ላይ ቆርጦ ሲለጥፍ ይፈጠራል።

ጠዋት ስካን ያደረግሁትን ሽፋን በሌላኛው መስኮት እንደገና ከፈትኩትና አየሁት። አሁን ሳየው ፊታቸው ላይ ብርሃኑ የመጣው ከግራ ነው። ቀሚሱ ላይ የመጣው ከቀኝ ነው። በጥቁር ሻሽ የታሰረው ራስ ከአንገቱ ጋር የተገናኘበት ቦታ፣ እንደ ጭጋግ ነገር አለ። ሰው ፈልጎ ካላየው አይታይም።

«አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለው አይደል?» አለ ወንድምየው ከኋላዬ።

ፎቶ ቁጠር ያለው ሰው አልነበረም።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አላነሳሁም። ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እህትየው ታምነኛለች፣ ደብዛዛውን ባነር አሠርታ ትሄዳለች፣ ጥለቱ ነጠብጣብ ይሆናል፣ እናቷ ግን እንደለበሱት ይቀራሉ። ይሄን አስቤዋለሁ። እሷ ግን ስክሪኑን ትታ እኔን እያየችኝ ነበር።

«ምን አየሽ?» አለችኝ።

«ሽፋኑ ላይ ያለው ሁለት ፎቶ ነው» አልኳት። መዋሸት ስለማልችል አልነበረም። ማወቅ ስለፈለግሁ ነው።

«ምን ማለት ነው ሁለት?»

«አንዱ በአንዱ ላይ ተለጥፏል ማለት ነው።»

ወንድምየው እጁን ትከሻዬ ላይ ሊያሳርፍ ዘረጋና መለሰው። «እህቴ፣ ተይው። እባክሽ አትክፈቺው።» እስካሁን «አንቺ ልጅ» ነበርኩ። «ለሷ ብዬ ነው የምልሽ።»

«ክፈቺው» አለች እሷ።

ወንበሬን ወደሱ አዞርኩ። «ጋሼ፣ ፋይሉ የእርስዎ ነው። አይከፈት ካሉ አልከፍተውም።»

«በላት» አለችው እህቱ። «አትክፈቺ በላት። እኔም የማውቀውን አውቄ ልሂድ።»

ባጁን ይዞ በጣቱ አገላበጠው። ውጭ ታክሲው ሞልቶ ሄደ፤ ረዳቱ በሩን ሲያላትመው ተሰማ። ከዚያ ወንድምየው የደንበኛ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ካፖርቱ ከእግሩ በታች ተጎተተ።

«ክፈቺው» አለ።

ትእዛዙን ጽፌ ላክሁት። ምስሎቹ ማኅደሩ ውስጥ ተራ በተራ ተደረደሩ። የመጀመሪያውን ከፈትኩ።

እናትየው አልጋ ላይ ናቸው። አበባ ያለበት ትራስ፣ እስከ አገጭ የተሳበ ጋቢ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ከሻሹ ያመለጠ ሽበት። ጉንጫቸው ጎድጉዷል። ግን እየሳቁ ነው፤ በሽፋኑ ላይ ፈገግታ የመሰለው ሙሉ ሳቅ ነበር፤ የጎደለው ጥርሳቸው ሳይቀር ይታያል። የሚያዩት ካሜራውን አልነበረም። በጎን በኩል ያለ፣ ፎቶው ውስጥ ያልገባ ነገር ነው የሚያዩት።

እህትየው አፏን በእጇ ያዘች። «እማዬ» አለች። ከዚያ ወዲያው፣ «ቀሚሱስ?»

ሁለተኛውን ከፈትኩ። መሸፈኛው ነው፤ ድፍን ጥቁር፣ መሐሉ ላይ እንቁላል የመሰለ ነጭ፣ ጠርዙ የደበዘዘ። የፊት ቅርጽ አለው፣ ፊት ግን የለውም።

«ኧረ በስመ አብ! ይሄስ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደለም፤ መቁረጫው ነው» አልኳትና ቶሎ አሳለፍኩት።

ሦስተኛው ቀሚሱ ነው። ነጭ፣ ጥለቱ ወይን ጠጅ፣ እያንዳንዱ ክር የሚታይ። የለበሰችው ወፍራም ቡናማ ሶፋ አጠገብ የቆመች ሴት ናት፤ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ካሜራውን እያየች ትስቃለች። ወጣት ናት። ሊፕስቲክ ተቀብታለች። በሽፋኑ ላይ የእናትየው ፊት የተቀመጠው ልክ በዚህች ሴት ፊት ላይ ነበር።

እህትየው ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ሚስትህ» አለች።

«አስረዳሻለሁ።»

«ሚስትህ ናት።»

«አዎ እሷ ናት። ቆይ ስሚኝ። እማዬ መነሳት አቅቷት ነበር። አንቺ ቀሚሱን ስትልኪ ከአልጋ መውረድ አትችልም። ክንዷን እንኳ ስናነሳው ታቃስታለች፤ እንዴት ብለን እናልብሳት? ቀሚሱን ጭኗ ላይ ዘርግተን አሳየናት። ዳሰሰችው። ከዚያ ‹እስቲ እሷ ትልበሰውና ልየው› አለች። እሷ ናት ያለችው፤ እማዬ። ሚስቴ ለበሰችላት፣ አልጋው ፊት ለፊት ዞረችላት። ያኔ ነው የሳቀችው። ያው እዩት፣ ሳቋን! ወዴት ነው የምታየው? እሷን እኮ ነው!»

የመጀመሪያውን ፎቶ መልሼ ከሦስተኛው ጎን አስቀመጥኩት። እናትየው ወደ ጎን ያያሉ፤ ሴትየዋ ቆማለች። ሊሆን ይችላል። ግን ሴትየዋ ያለችው ሳሎን ነው፤ ከኋላዋ ቴሌቪዥን ይታያል። አልጋ የለም።

እህትየውም አይታዋለች። «ሳሎን ነው ይሄ።»

«መኝታ ቤቱ ጨለማ ነው፤ አታውቂውም? ፎቶ አይወጣበትም። ከዚያ በኋላ ሳሎን ወጥታ አነሳኋት፤ ላንቺ ልልክልሽ ነበር።»

«አልላክህልኝም።»

«አልላክሁም። ስደውልልሽ ‹ለበሰችው ወይ?› ብለሽ ጠየቅሽኝ። ድምፅሽ… አለቀስሽ እኮ በስልክ። ‹ለበሰችው› አልኩሽ። አንድ ጊዜ ካልኩ በኋላ ምን ልበል? ስታርፍ ደግሞ ‹ቀሚሱን የለበሰችበት ፎቶ አለ ወይ?› አልሽኝ። በሐዘን መሐል፣ ድንኳን እየተተከለ፣ ቢሮ ገብቼ ሠራሁት። የእማዬን ፊት ቆርጬ እዚያ ላይ…» እጁን በአየር ላይ አንቀሳቀሰ፣ ልክ ማውስ እንደያዘ።

አመንኩት ማለት ይከብደኛል፤ አላመንኩትም ማለትም ይከብደኛል። የሚናገረው ሁሉ ከፎቶዎቹ ጋር ይገጥማል። ግን ፎቶዎቹን እያየ ነው የሚናገረው። እኔም ሁለት ቃላት ቤት እንዲመቱ ስል ያልነበረ ነገር በመሐላቸው ስፈጥር እውላለሁና፣ የሚገጥም ነገር ሁሉ ያጠራጥረኛል።

እህትየው ወደኔ ዞረች። «ፎቶ የተነሳበትን ቀን ይይዛል አይደል? ስልኬ ላይ ይታያል። ቀኑን አውጪልኝ። እማዬ በሕይወት እያለች ነው ወይስ ከሞተች በኋላ?»

ሌላ ትእዛዝ ጻፍኩ። ስለ ፎቶው የሚታወቀው ሁሉ ወረደ፤ ስፋቱ፣ ቁመቱ፣ የቀለሙ ዓይነት። ቀን የለም። «በቴሌግራም ተልኮ ከነበረ ቀኑ ይጠፋል» አልኳት። «ፎቶውን ሲያሳንሰው አብሮ ይጥለዋል።»

«ወይም ሰው አጥፍቶት ይሆናል።»

«ይሆናል» አልኩ፤ ማለት ስላለብኝ። ወንድምየው በቅሬታ አየኝ።

«ቀኑን እኔ ልንገርሽ» አለ። «የስቅለት ማግስት ነው። ቅዳሜ። በእማዬ ነፍስ።»

«በእማዬ ነፍስ አትማል።»

«ታዲያ በምን ልማል?»

ትንሽ አሰበችና እጇን ዘረጋች። «ስልክህን አምጣ። ደውልላት። ስፒከር ላይ አድርገው፤ አንተ አንድ ቃል ትንፍሽ እንዳትል።»

«ምን አስፈለገ? ልጆቹን…»

«እውነት ከሆነ ምን ያስፈራሃል?»

ደወለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከኪቦርዱ ጎን አስቀመጠው። ብዙ ሳይጠራ ተነሳ። ከኋላ የካርቱን ሙዚቃና ሳህን የሚጋጭ ድምፅ ይሰማል።

«ሄሎ ውዴ፣ ምሳ ልትመጣ ነው እንዴ?»

«እኔ ነኝ» አለች እህትየው።

«ውይ! ማሬ! እንዴት ነሽ? ጠፋሽ እኮ! ደህና ነሽ? ሥራ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ። ለሙት ዓመቱ ባነር እያሠራሁ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንን የፋሲካውን ቀሚስ፣ እማዬ ለብሳው ነበር?»

ሳህኑ ቆመ። የካርቱኑ ሙዚቃ ብቻ ቀረ። ወንድምየው ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ፣ ከንፈሩ ተከፈተ፤ እህቱ መዳፏን ፊቱ ላይ ዘረጋችበት።

«እንዴ! ለብሳው እንጂ!» አለች ሚስትየው። «ረሳሽው? ፎቶውስ አለ አይደል? እንዴት እንዳማረባት ብታዪ! እኔ ነኝ ያለበስኳት። በገዛ እግሯ ሳሎን ድረስ መጥታ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ‹ልጄን እግዜር ይስጥልኝ፣ ክፉ አይንካብኝ› እያለች ስትመርቅሽ፣ ስትመርቅሽ… እኔስ ሳስበው እንባዬ ይመጣል።»

ወንድምየው ዓይኑን ጨፈነ።

«አንቺስ ለብሰሽው ታውቂያለሽ?» አለች እህትየው።

«እኔ? እኔ የእማዬን ልብስ? ኧረ በወላዲቷ! ሲደርቅ እንኳ በእጄ አልነካሁትም። ከቀብር በኋላ አጥቤ… አጣጥፌ ማለቴ ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን ነው የሰጠነው። ምነው ማሬ? ምን ተፈጠረ?»

ሴትየዋ ስክሪኑ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ጥለቱ ክር በክር ይቆጠራል።

«ምንም» አለች እህትየው። «ልጆቹን ሳሚልኝ።» ስልኩን ዘጋችው።

እኔ የማደርገው ስላጣሁ ማተሚያው ውስጥ ያለውን ወረቀት አስተካከልኩ።

«እኔ ነኝ እንደዚያ በይ ያልኳት» አለ ወንድምየው በመጨረሻ። «አንቺ ስትጠይቂያት አንድ ዓይነት እንድንናገር ብዬ። ዓመት ሙሉ ይዛዋለች። አሁን እንደተከፈተ በምን ታውቃለች? እሷ እኮ… ለኔ ብላ ነው የዋሸችው!»

«ሳሎን ድረስ በእግሯ መጣች አለችኝ።»

«ጨምራበት ነው።»

«መረቀችሽ አለችኝ።»

«ምርቃቱ እውነት ነው።»

«የቱ ነው እውነት?» አለችው። «አንተ አልጋ ላይ ነበረች ትላለህ፣ እሷ ሶፋ ላይ ተቀመጠች ትላለች። አንተ ሚስቴ ለበሰችው ትላለህ፣ እሷ በእጄም አልነካሁት ትላለች። ምርቃቱን ብቻ ከመሐል ለይቼ ልመን?»

«እውነት ነው ስልሽ! ልጆቼን ይንሳኝ!»

«በልጆችህም አትማል።»

እሱ ወደኔ ዞረ። ለምን ወደኔ እንደዞረ አላውቅም፤ ምናልባት ጥቁሩ ስክሪን ከፈለግሁ ሌላም ነገር ያወጣል ብሎ ይሆናል። ገና የምጽፈው ትእዛዝ፣ ያቺን ቅዳሜ፣ መኝታ ቤቱን፣ አልጋው ፊት ለፊት የዞረችውን ሴት የሚያመጣ ያለ መስሎት። ምንም አልነበረኝም። ከፋይሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቻለሁ።

«እህቴ» አለችኝ እሷ፣ «ለባነሩ ያንን አትሚልኝ።» ወደ መጀመሪያው ፎቶ ጠቆመች።

«የአልጋውን?»

«የአልጋውን። ሳትቆርጪ፣ ሳታስተካክዪ። ትራሱም ጋቢውም ይታይ።»

«እንዴ!» ወንድምየው ከወንበሩ ተነሳ። «በሽተኛ ሆና? ጥርሷ ረግፎ? ሰው ምን ይላል? ዘመድ ሁሉ በሚመጣበት…»

«‹ታማ ነበር› ይላል። ታማ ነበራ።»

«እማዬ እንደዚያ መታየት አትወድም።»

«እማዬ የምትወደውንማ ነገርከኝ» አለችና ወደኔ ዞረች። «ባነሩን ነገ ከሥራ ስወጣ ነው የምወስደው። አሁን ግን ለስልኬ ላኪልኝ።»

ፋይሉ የላኪው ነው። ወንድምየውን አየሁት። ግድግዳውን እያየ ራሱን ነቅንቆ እሺ አለኝ። ላክሁላት።

ስልኳ ነዘረ። ፎቶውን ከፍታ በሁለት ጣቷ አሰፋችው፤ መጀመሪያ ፊታቸውን፣ ከዚያ ዓይናቸውን፣ ከዚያ የዓይናቸውን ብሌን። ምን እንደምትፈልግ ገባኝ። እናቷ የሚያዩት ነገር ዓይናቸው ውስጥ ትንሽ ሆኖ ይታይ እንደሆነ ነው፤ አንድ ነጭ ነገር፣ አንድ ወይን ጠጅ ነገር። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። ሲሰፋ ሲሰፋ ግራጫና ቡናማ አራት ማዕዘኖች ሆነ። ትንሽ አሳንሳ እንደገና አሰፋችው። ያው ነው።

«ነይ ቤት እንሂድ» አለ ወንድምየው በለስላሳ ድምፅ። «አሁኑኑ፣ አብረን። እኔ ምንም አልናገርም፤ ይሄን ፎቶ አሳዪያትና ሚስቴ ራሷ ትንገርሽ። ደንግጣ ነው። ፎቶውን ካየች እውነቱን ትነግርሻለች።»

«እስክንደርስ ትደውልላታለህ።»

«ስልኬን ውሰጂው። እንኪ።» ዘረጋላት። የእውነት ነው የዘረጋላት።

ስልኩን አየችው፤ ለአፍታ የምትወስደው መስሎኝ ነበር። ከዚያ የራሷን ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች፤ የሕይወት ታሪኩን ወረቀት ግን ጠረጴዛው ላይ ተወችው፣ ላስቲኩንም ጭምር። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ሙት ዓመቱ ላይ እመጣለሁ» አለችው። «ጸሎቱ ላይ ቆሜ፣ ሰው ሸኝቼ እመለሳለሁ። እናንተ ቤት ግን ውሃም አልቀምስም።»

«እኔ ወንድምሽ ነኝ እኮ» አለ።

ወጣች። የመስተዋቱን በር ከኋላዋ በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀስ አድርጋ፣ መዝጊያው ቀጭ እስኪል ድረስ ዘጋችው።